እጅና ፈቃድ

በኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ወደ ዱር ገብተው ሳለ፣ አንደኛው ዛፉን ለመጣል ምሣሩን ባነሣ ጊዜ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ገዳዩም አስቀድሞ ቂም ያልነበረበት እንደ ሆነ፣ ደም መላሹ ሳይደርስበት ከመማጸኛ ከተሞች ወደ አንዲቱ ሸሽቶ ነፍሱን ያድን ዘንድ ተፈቅዶለታል። ከተሞቹ ስድስት ሲሆኑ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ወዲያ ማዶ፣ ሦስቱም በከነዓን ምድር ነበሩ። ይሁን እንጂ ሕጉ ሰውየውን ከሞት ያድነዋል እንጂ በነጻ አሰናብቶ ወደ ቤቱ አይመልሰውም፤ በኦሪት ዘኍልቍ እንደ ተወሰነው፣ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያች ከተማ ወሰን ሳይወጣ መኖር አለበት። ፈቃዱ ላልተካፈለበት ሥራ ስለ ምን እንዲህ ባለ ግዞት ይከፍላል? ይህ ጥያቄ የሃይማኖት ሊቃውንትን ብዙ ዘመን ያደከመ ሲሆን፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ሰዎች በጉያቸው ይዘውት ከሚዞሩት ከትንሹ ሽጉጥ ይበልጥ ጥያቄውን አጉልቶ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ምሣሩ የወለቀው ከእንጨቱ ነውና ጥፋቱን ለዕቃው ማሸከም ይቻል ይሆናል። ሽጉጥ ግን ባለቤቱ ሳይፈልግ በተተኮሰ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ምንም አልጎደለበትም፤ ምላጩ ስለ ተሳበ ተኮሰ፣ ምላጩንም የሳበው ጣት ነው። እንግዲህ ከፈቃድ የወለቀው እጁ ራሱ ነው ማለት ነው።

ሽጉጥን ከሩቅ ብቻ የሚያውቅ ሰው መተኮስ ማለት አንድ ዐይንን ጨፍኖ ማነጣጠርና ምላጭ መሳብ ይመስለዋል፤ ይህን ጥበብ የሚያስተምሩ ግን ከማነጣጠር በፊት ስለ አያያዝ ይናገራሉ፣ ስለ አያያዝም ሲናገሩ አይጠግቡም። የቀኝ እጅ መዳፍ በእጀታው ጀርባ እስከሚቻለው ድረስ ወደ ላይ ከፍ ብሎ መግባት አለበት፤ ጥይቱ የሚወጣበት መሥመር ከእጅ በላይ ስለ ሆነ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው ግፊት የእጅን አንጓ እንደ ማጠፊያ አድርጎ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያነሣዋልና፣ እጅ ዝቅ ባለ መጠን መነሣቱም ይብሳል። ከልክ አልፎ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በአንዳንድ ትንንሽ ሽጉጦች ላይ ወደ ኋላ የሚሸሸው የላይኛው ብረት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ቆርጦ ያልፋል። ግራ እጅ ቀኙ ሳይሸፍነው የቀረውን የእጀታውን ጎን ይሞላል፤ አራቱ ጣቶቹ ከምላጩ መከለያ ሥር በቀኝ እጅ ጣቶች ላይ ይጠመጠማሉ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች ወደ ዒላማው አቅጣጫ ይዘረጋሉ። አንጓ ቢላላ መሣሪያው የሚደገፍበትን ስለሚያጣ ብረቱ ጉዞውን ሳይፈጽም ይቀራል፣ የሚቀጥለውም ጥይት በአግባቡ ሳይጎርስ መንገድ ላይ ይያዛል።

ትንሹ ሽጉጥ በዚህ ሁሉ ላይ የራሱን ፈተና ይጨምራል። ከልብስ በታች እንዲሰወር ተብሎ እጀታው ስላጠረ ትንሿ ጣት የምታርፍበት አጥታ በባዶ ቦታ ትንጠለጠላለች፤ ክብደቱ ስለ ቀነሰም በትልቁ ሽጉጥ ላይ በቀላሉ የሚታገሡት ያው ጥይት በዚህ ላይ መዳፍን አብዝቶ ይመታል። ለመሸከም የቀለለው ለመያዝ የከበደው ነው፤ የሚገዙት ሰዎች ግን ብዙዎቹ የሚገዙት ቀላል ነው ብለው ነው፣ ይህም በእኔ አስተያየት የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ልምምድ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ከሁሉ ያነሰ ሊለማመድ ያሰበ ሰው ይዞት ይዞራልና።

የነገሩ ዋና ችግር ግን ከመጠንና ከክብደት የጠለቀ ነው። አንዲት እጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ትቀበላለች፤ ሦስቱ ጣቶች አጥብቀው እንዲይዙ፣ ሌባ ጣት ግን ከእነርሱ ተለይታ በዝግታና በልስላሴ ብቻዋን እንድትሠራ ይፈለጋል። የሰው እጅ ደግሞ በጠባይዑ ይህን አይወድም፤ ጣቶቹን የሚያጥፉት ጅማቶችና ጡንቻዎች ተዛምደው የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ አንዷ ስትሳብ ሌሎቹም አብረው ይጨብጣሉ፣ ሌሎቹም በድንገት ሲጨብጡ አንዷ አብራ ትሳባለች። ሰው ሲደነግጥ፣ እግሩ ተሰናክሎ ሊወድቅ ሲል፣ ወይም በሌላው እጁ አንድ ነገር አጥብቆ ሲይዝ፣ ሽጉጥ የያዘችው እጅ ሳትታዘዝ ልትጨመደድ ትችላለች። ለመተኮስ ካልቆረጥህ በቀር ጣትህ ከምላጩ ውጭ በሽጉጡ ጎን ተዘርግታ ትቀመጥ የሚለው የመምህራን ትእዛዝ የተሠራው ይህን የጠባይዕ ድካም በማወቅ ነው።

በልምምድ ቦታ የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። መምህሩ ተማሪው ሳያይ በካዝናው ውስጥ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌለው ማስመሰያ ጥይት ይቀላቅላል። ተማሪው አንድ ሁለት ጊዜ ይተኩሳል፤ ከዚያም የማስመሰያው ተራ በደረሰ ጊዜ ድምፅ ሳይሰማ፣ እሳት ሳይታይ፣ የሽጉጡ አፈሙዝ ብቻ ወደ መሬት ዝቅ ይላል። የሚገፋው ምንም ኃይል ሳይኖር እጁ ሊመጣ ነው ብሎ ከሚጠብቀው ምት ጋር አስቀድሞ ታግሏል። ሰውየው በቅን ልቡና አልፈራሁም፣ እጄም አልተንቀሳቀሰም ሊል ይችላል፤ ቃሉም ውሸት አይደለም፣ ምክንያቱም የፈራው እርሱ በሚያውቀው ክፍሉ አልነበረም።

የሂጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ በ4ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፉ፣ በስምንተኛው ክፍል፣ ነፍስ ሥጋን ስታዝዝ ወዲያው እንደምትታዘዝላት፣ ራሷን ስታዝዝ ግን ራሷ እንደምትቃወማት እያደነቀ ይመረምራል፤ ለመታዘዝም ምሳሌ አድርጎ ያመጣው እጅን ነው፣ ትእዛዙና አፈጻጸሙ ሊለዩ እስከማይቻል ድረስ እጅ ፈጥና ትንቀሳቀሳለችና። ከዚህ ታላቅ ሊቅ ጋር መከራከር ድፍረት ቢሆንም፣ ማስመሰያውን ጥይት ያየ ሰው ሊቁ የእጅን ነገር አቅልሎ አይቶታል ብሎ ለማሰብ ይገደዳል። ነገሩን ደጋግሜ በመረመርሁት መጠን ግን አውግስጢኖስ በሌላ መንገድ እንደገና ትክክል ሆኖ አገኘሁት። እጅ አላመፀችም፤ ታዝዛለች። የታዘዘችው ግን አፍ ለሚናገረው ፈቃድ ሳይሆን ከእርሱ በታች ተደብቆ ለሚኖር ለሌላ ፈቃድ፣ ለሥጋዊ ፍርሃት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ በ7ኛው ምዕራፍ በብልቶቹ ውስጥ ከአእምሮው ሕግ ጋር የሚዋጋ ሌላ ሕግ እንዳለ ሲናገር፣ እንዲህ ያለውን በአንድ ሰው ውስጥ የሚገኝ የሁለት ጌቶች አገዛዝ ማመልከቱ ይመስለኛል።

ከዚህ ፍርሃት ጋር እንዴት መኖር እንደሚገባ የተኩስ መምህራን ራሳቸው በሁለት ተከፍለዋል፤ መከፈላቸውም ሳያስቡት ስለ ሰው ጠባይ የተደረገ ክርክር ነው። በሻንግሃይ ማዘጋጃ ቤት ፖሊስ ያገለገሉት እንግሊዛውያን ዊልያም ፌርበርንና ኤሪክ ሳይክስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ ሞት ፊት ለፊት የቆመበት ሰው እጀታውን ጨምድዶ መያዙ አይቀርም ብለው ተቀብለው፣ ጭምደዳውን ራሱን የአተኳኮስ መሠረት አደረጉት። ከእነርሱ በኋላ በሎስ አንጀለስ አውራጃ የሸሪፍ ረዳት የነበረው ጃክ ዊቨር፣ በ1959 በካሊፎርኒያ በቢግ ቤር በተደረገው ውድድር ሌሎቹ በአንድ እጅ ከወገባቸው ሲተኩሱ እርሱ በሁለት እጁ ወደ ዐይኑ አንሥቶ፣ ቀኙ ወደ ፊት እየገፋ ግራው ወደ ኋላ እየሳበ በመተኮስ አሸነፈ፤ የተኩስ መምህሩ ጄፍ ኩፐርም ያየውን በሥርዓት አደራጅቶ በ1976 በአሪዞና ባቋቋመው ትምህርት ቤት አስተማረው። ዛሬ የብዙዎች የሆነው ሁለቱን ክንዶች እኩል የመዘርጋት ልማድ ደግሞ በ1980ዎቹ በተኩስ ተወዳዳሪዎቹ በሮብ ሌተምና በብራያን ኤኖስ ተስፋፋ። የፊተኞቹ የወደቀውን ጠባይ እንደ ወደቀ ተቀብለውታል፤ የኋለኞቹ በልምምድ ሊቀና ይችላል ብለዋል። እኔ በነፍስ ነገር ከኋለኞቹ ጋር ነኝ።

የኋለኞቹን ተስፋ የሚያጸና ምስክርም አለ። ሃንጋሪያዊው ወታደር ካሮይ ታካች በ1938 የእጅ ቦምብ በእጁ ላይ ፈንድቶ የሚተኩስባት ቀኝ እጁ ስለ ተሰባበረች፣ ሽጉጥ መያዝ የማታውቀውን ግራ እጁን ከሰው ተሰውሮ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስተማራት፤ በማግሥቱ ዓመት የአገሩን ውድድር አሸነፈ፣ ከጦርነቱም በኋላ በ1948 በለንደን፣ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ወርቅ ወሰደ። አላዋቂ የነበረች እጅ እንዲህ መማር ከቻለች፣ እጄ ሳላዝዛት ሠራች የሚል ሰው፣ እንድትታዘዝ አስተምረሃት ነበርን ተብሎ ቢጠየቅ አይበደልም።

አባቶችም ይህን ጥያቄ ያወቁት ይመስላል። በ314 በእንቆራ፣ ዛሬ አንካራ በምትባለው ከተማ፣ የተሰበሰቡት ጳጳሳት በፈቃዱ የገደለውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከቁርባን ሲያርቁት፣ ያለ ፈቃዱ የገደለውን በቀድሞው ሥርዓት ከተወሰነው ሰባት ዓመት ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አደረጉለት፤ ዝቅ አደረጉለት እንጂ አልሰረዙለትም። ቅዱስ ባስልዮስ ውሻ ሊመታ ደንጊያ ወርውሮ ሰው የገደለውን ያለ ፈቃድ ከገደሉት ጋር ሲቆጥር፣ በሰይፍ ወይም ሰይፍ በመሰለ መሣሪያ ለመታ ግን ማመካኛ አይሰጠውም፤ በጦርነት ለገደሉትም እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢርቁ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። ፍትሐ ነገሥትም በፈቃድ የሆነውን ግድያ ያለ ፈቃድ ከሆነው ለይቶ ይፈርዳል። በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር የተሠራውን ኃጢአት የምትዘረዝረው ቤተ ክርስቲያን በማወቅም ባለማወቅም ስለ በደልነው ይቅርታ የምትለምነው፣ አለማወቅ ራሱ አስቀድሞ በተደረገ ቸልታ ሊወለድ ስለሚችል ነው። ምላጩ በተሳበበት ቅጽበት ፈቃድ አልነበረም፤ ልምምዱ በተተወባቸው ወራት ግን ፈቃድ ነበረ፣ ጣቱ በምላጩ ላይ ያለ ምክንያት ባረፈበት ሰዓትም ነበረ።

ስለዚህ ሽጉጡ ሳያስበው ተተኩሶ ሰው ያቆሰለበት ወይም የገደለበት ሰው ወደ ንስሐ አባቱ በቀረበ ጊዜ፣ ካህኑ ፈልገህ ነውን ብሎ ብቻ ጠይቆ ባያሰናብተው እወዳለሁ። ጣትህ የት ነበረች? መሣሪያውን ለምን አወጣኸው? ከተለማመድህ ምን ያህል ጊዜ ሆነህ? ይህን ትንሽ ሽጉጥ ስትገዛ እጅህ ልትገዛው እንደምትችል ፈትነህ ነበርን? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ካህኑ የነገሩን አሠራር በመጠኑ ማወቅ ያስፈልገዋል፤ የጥንት ሕግ ጸሐፊዎች ስለ ምሣር በዚያ ጥንቃቄ የጻፉት ምሣር እንዴት እንደሚወልቅ ያውቁ ስለ ነበር ነው። ዛሬም ቀኖና የሚሰጡ አባቶች፣ ሠልጥኖ ከሚያስተምር ሰው ጋር አንድ ቀን ተቀምጠው ስለ መዳፍ፣ ስለ አንጓና ስለ ጣት ቢጠይቁት፣ ከመጻሕፍት ያላገኙትን የፍርድ ሚዛን ያገኙበታል ብዬ አምናለሁ።