ከመሠረቱ በፊት

ልጄ፣ አባትህ ነፍሳቸውን ይማርና በተዉት ግቢ ጓሮ ላይ ሁለት ክፍል ሠርተህ ልትገባ ማሰብህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የአትላስ ሰፈር የቤት ኪራይ ለደመወዝተኛ የሚቀመስ አልሆነም። ግን «በፋሲካ ደንብ አስከባሪ አይዞርም፤ ያኔ ግድግዳውን እናቆማለን» ያለህን ግንበኛ አትስማው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በዓል ሲያልፍ አፍርስ ትባላለህ፤ ብሎኬቱም ብረቱም ያንተ ኪሳራ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከካርታው ጀምር። አሁንም በአባትህ ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ስሙን አዛውሩ። አሜሪካ ያለችው እህትህ ውክልናዋን በኤምባሲ አስመስክራ ትላክ። እሷ ሳትስማማ የቆመ ቤት ነገ የወንድምና የእህት ክስ ይሆናል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ደግሞ ግቢያችሁ የጥንት ነው። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የተፈቀደው እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር፤ ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ፣ ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጠውም ለቀበሌ ተሰጠ። በስንት ነባር ግቢ ጓሮ ያለችው ሰርቪስ የቀበሌ ቤት ሆና የቀረችው በዚህ ነው። ስለዚህ በካርታው ላይ ያለው ካሬና አጥርህ መግጠማቸውን በቀያሽ አስለካ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ዲዛይን ከማሠራትህ በፊት የፕላን ስምምነት ጠይቅ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ይህን ማስቀደሙ ለባለቤቱ አስቦ ነው እላለሁ፤ መንገድ ቦታህን ይነካው እንደሆነ ገንዘብህን ሳታፈስ ታውቃለህ። የኮሪደር ልማቱ በከተማው ስንቱን አጥር ወደ ኋላ እንደገፋ አይተሃል። ያው አዋጅ ፎቅ የሌለውንና በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ቤት በምድብ «ሀ» አስቀምጦት ነበር። ፎቅ ልጨምር ካልክ ምድቡ ይቀየራል፣ ወጪውም ያድጋል። ዛሬ የሚሠራበትን ደንብ ከሕንፃ ሹሙ ጠይቀህ ተረዳ። «ፋይሉን በአቋራጭ አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጥ፤ ያ ማኅተም የተመረመረ ዕለት መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከጓሮህ አጥር ማዶ ያሉት እማማ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። የመሠረት ቁፋሮህ የአጥራቸውን ግንብ እንዳይሰነጥቅ፣ የጣሪያህ ውሃ ወደ ግቢያቸው እንዳይወርድ፣ መስኮትህ በልብስ ማጠቢያቸው ላይ እንዳይከፈት፣ የሽንት ቤት ጉድጓድህም እንዳይጠጋቸው አስብ። ይህን ሁሉ ፕላኑ ሳይታተም ቁጭ ብለህ ንገራቸው፤ ቅር ያላቸው ነገር ካለ በእርሳስ መስመር ይስተካከላል። ቅዳሜ ወደ እሳቸው ልትሄድ ስትነሣ ጥራኝ፤ አብሬህ እገባለሁ።