ስለ ማካፈልና ስለ ባልንጀርነት

አንድ ሕፃን በእጁ የያዘውን ዳቦ እናቱ «ለወንድምህ አካፍለው» ባለችው ጊዜ ቈርሶ ቢሰጥ፥ የሰጠው ማን ነው? እጁ የሕፃኑ ነው፤ ፈቃዱ ግን የእናቱ ነው። ትእዛዙ ሲቀር ስጦታውም አብሮ የሚቀር ከሆነ፥ ልጁ የተማረው መታዘዝን ነው እንጂ ቸርነትን አይደለም። እንግዲህ ማካፈልንና ባልንጀርነትን ለሕፃናት ማስተማር ይቻላልን? የሚቻልስ ከሆነ በምን መንገድ ነው? ይህን ጥያቄ ለሕፃናት ከሚነበበው የሥዕል መጽሐፍ ጋራ አያይዘን ልንመረምረው እንወዳለን።

«የአገራችን ልጅ ማካፈልን ለመማር መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። አነጋገሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻችን ፊደል ከመቍጠራቸው አስቀድሞ ከአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በፊታቸው ካለው መብላትን፥ የሌላውን ድርሻ አለመሻማትን ይለምዳሉ፤ ጉርሻ ይቀበላሉ፥ ያጐርሳሉም። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል የሚለውንም ምሳሌ ከአያቶቻቸው አፍ ይሰማሉ። ይህን ሁሉ የሚተካ መጽሐፍ የለም።

ዳሩ ግን ገበታም ዳርቻ አለው። በምዕራብ አዲስ አበባ፥ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘውን የዘነበ ወርቅን ሰፈር እናስብ። በዚያ ስፍራ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ሆስፒታል ተሠራ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ድርጅት ተቋቋመ። ለመታከም ከየክፍለ ሀገሩ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ከዳኑ በኋላ እንኳ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ስለ ከበዳቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፍረው ልጆች አሳደጉ። እነዚህን ሰዎች ከገበታው ያራቃቸው ማካፈልን ያልተማረ ሕዝብ አልነበረም፤ ጉርሻን የሚያውቅ ሕዝብ ነበር እንጂ። በሽታው መድኃኒት እንዳለው፥ ሕክምና የጀመረም ሰው ለሌላው እንደማያስተላልፍ ከታወቀ በኋላ ፍርሃቱ ቶሎ አልጠፋም። በሽታው ያልነካቸው ልጆች እንኳ በወላጆቻቸው ስም ይሸሹ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፥ አካፍል ብሎ ማስተማር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ለማን እንደሚካፈልም መማር ያስፈልጋል።

የሥዕል መጽሐፍ የሚጠቅመው በዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ በቤቱ ገበታ ዙሪያ አይቶት የማያውቀውን ሰው መጽሐፉ ወደ ፊቱ ያመጣለታል። ሕፃኑም ሳይፈራና ሳይቸኵል ትኵር ብሎ ያየዋል፤ ገጹን መልሶ ይገልጣል፤ «ለምን አዘነ?» ብሎ ይጠይቃል። በአሜሪካ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሲሊያ ብራውኔልና ባልደረቦቻቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ወላጆቻቸው መጽሐፍ ሲያነቡላቸው በሥዕሉ ያለው ሰው ምን እንደ ተሰማው ራሳቸው እንዲናገሩ የሚጠይቋቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥነው እንደሚያካፍሉ ገልጸዋል። ፍሬ ያፈራው የወላጅ ስብከት አልነበረም፤ ሕፃኑ አስቦ የሰጠው መልስ ነው።

ለልጆች ታሪክን ማቅረብ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አባባ ተስፋዬ ተብለው የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተከፈተበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ተርከዋል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለሥዕል የተረት መጽሐፍም አሳትመዋል።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ያማረ መጽሐፍ ሁሉ ትምህርቱ ያማረ ነው ማለት አይደለም። የስዊሱ ደራሲና ሠዓሊ ማርኩስ ፊስተር በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት የቀስተ ደመናው ዓሣ ታሪክ በብዙ ቋንቋ ተተርጕሟል። ዓሣው የሚያብለጨልጩ ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ ለሌሎች ዓሦች አድሎ ወዳጅ ያገኛል። ብዙዎች ወደዱት፤ ሌሎች ግን ወዳጅነትን በስጦታ የሚገዛ ያስመስለዋል ሲሉ ነቀፉት። አሪስቶትል ወዳጅነትን በሦስት ከፍሎ፥ አንዱን በጥቅም፥ ሁለተኛውን በደስታ፥ ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ ላይ የቆመ ነው ብሎ ነበር። ስጦታ የገዛው ወዳጅነት ከፊተኛው ወገን ነው፤ ጥቅሙ ሲያልቅ እርሱም ያልቃል። የሚያጐርስ ሰው ግን ከገላው አይቈርስም፤ ጉርሻውም ወዳጅነት መኖሩን ይገልጻል እንጂ ወዳጅ አይገዛም። ለልጆቻችን የሚጻፈው ታሪክ ይህን ልዩነት ቢጠብቅ መልካም ነው።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በካናዳ በቶሮንቶ የተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፥ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ስለ ማካፈል የሚናገር ታሪክ በሰዎች ሥዕል ሲነበብላቸው ከቀድሞው አብልጠው እንዳካፈሉ፥ ያው ታሪክ በእንስሳት ሥዕል ሲነበብላቸው ግን እንዳልጨመሩ አሳይቷል። አንድ ጥናት ሁሉን አይወስንም። የጦጣና የጅብ ተረታችንም ብልሃትን ስለሚያስተምር የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ከእርሱ ጐን የኮልፌ ልጅ የራሱን መንደር፥ የሸማኔውንም የሕሙማኑንም ልጅ በአንድ ሜዳ ሲጫወቱ የሚያይበት መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፥ ፈቃድን ማዘዝ አይቻልም፤ ማየትን ማስተማር ግን ይቻላል። ሌላውን ልጅ እንደ ራሱ የሚራብና የሚያዝን አድርጎ ያየ ሕፃን በሰጠ ጊዜ ስጦታው የራሱ ነው። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያለው መምህር እንኳ ትልቅ ትምህርት በእጁ ይዟል። መጽሐፉን ገልጦ፥ ታሪኩን ከመጀመሩ በፊት «ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ሥዕሉ ይታየዋልን?» ብሎ ክፍሉን ይጠይቅ፤ ቦታ የሚለቁለትንም ልጆቹ ራሳቸው ይወስኑ። ደራሲዎቻችንና ሠዓሊዎቻችን መጽሐፉን እንዲያዘጋጁ፥ ሹማምንቶቻችንም ከየሕፃናቱ ትምህርት ቤት እንዲያደርሱት እናሳስባለን።