ከደጀ ሰላም የተመለሰ ሰው

ሰው በገበያ ቢሰደብ ገበያውን መለወጥ ይችላል፤ በመሥሪያ ቤት ቢበደል የበላይ አለለት። በቤተ ክርስቲያን የተበደለ ግን አቤት የሚልበት ሥፍራ ራሱ የተበደለበት ሥፍራ ስለሆነ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት ደገኛ አጥቢያዎች፣ በጉባኤ ፊት የተዋረደ ወይም በሰንበቴ ማኅበርተኞቹ ስሙ የጠፋ ምእመን ብዙ ጊዜ ከሳሽ ሆኖ አይታይም። ዝም ብሎ አጥቢያውን ይለውጣል፤ ወይም ከቅጽሩ ውጭ ተሳልሞ ይመለሳል።

እንዲህ ያለው ሰው መታረቅ ይገባዋልን? ቢገባውስ በምን ዓይነት ዕርቅ?

ይቅርታንና ዕርቅን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ይቅርታ በአንድ ልብ ሊፈጸም ይችላል፤ ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይሻል፤ በሁለቱም መካከል እውነት እንዲቆም ይሻል። አባቶቻችን በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት እንዲወድቅ ማድረጋቸው ስለዚህ ይመስለኛል። ድንጋዩ ለተበዳዩ አንዳች አይጠቅመውም፤ ነገር ግን ጥፋቱ ክብደት እንዳለው ለተመልካች ሁሉ ያስረዳል። ዛሬ ዛሬ «ለቤተ ክርስቲያን ክብር ሲባል» እየተባለ ድንጋዩን ተበዳዩ እንዲሸከም የሚደረግበት ሽምግልና አልፎ አልፎ ይታያል።

ወንጌል ግን እንዲህ አያዝም። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ እንዲሄድ የታዘዘው፣ ወንድሙ በእርሱ ያዘነበት መሆኑን ያስታወሰው ሰው ነው። በምዕራፍ 18 ደግሞ ተበዳዩም እንዲሄድ ታዟል፤ የሚሄደውም ጥፋቱን ለብቻ ሊነግረው ነው እንጂ ሊሸፍንለት አይደለም።

የአገራችንም ታሪክ በዚህ ነገር የሚያስተምረው አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖት ክርክሩን በአዋጅ ዘጉት። የአዋጁ ዓላማ አንድነት ነበር፤ ነገር ግን በጎጃም ሥር የሰደደው የቅባት ትምህርት ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በአዋጅ አፍ ይዘጋል፤ ልብ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚከፈተው።

በ2010 ዓ.ም. የተደረገው ሌላ ነው። አቡነ መርቆሬዎስ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከመንበራቸው ተለይተው ተሰደዱ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ፤ ሲኖዶሱም ሁለት ሆኖ ተወጋገዘ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ውግዘቱ ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስ ፓትርያርክነታቸው ታውቆ በጸሎትና በቡራኬ እንዲያገለግሉ፣ አቡነ ማትያስም አስተዳደሩን እንዲመሩ ተስማሙ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ስደተኛው አባት አገራቸው ገቡ። የቆየው ቁስል ሁሉ ተመርምሮ አለቀ ለማለት አይቻልም። ሆኖም ማንም «እኔ አልተበደልሁም» ብሎ እንዲፈርም አልተገደደም፤ የተገፋውም ክብሩ ተመልሶለት ገባ። በ2014 ዓ.ም. ሲያርፉም በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

በአጥቢያ ያለው ጠብ ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳል፤ አስታራቂ ልዑክ አይመጣለትም፤ በዳይና ተበዳይም በየሰንበቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በዳዩ ጥፋቱን ባያምንስ? እንደ እኔ አሳብ፣ ተበዳዩ ቂሙን ለነፍስ አባቱ ነግሮ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብሎ ከቅዳሴው ይግባ፤ ቅዳሴው የበዳዩ ርስት አይደለምና። ወደ ሰንበቴው ጽዋ መመለሱን ግን ማንም አያስቸኩለው። ስሙ በጉባኤ ፊት ጠፍቶ ከሆነ፣ በጓዳ ሳይሆን በዚያው ጉባኤ ፊት እስኪመለስለት ድረስ መቆየቱ ቂመኛ አያሰኘውም።