ዕድል በመስታወት ገንዳ ውስጥ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ለዚህ ጽሑፍ ሳይስማማው አይቀርም። የምናገረው ስለ ትንሽ ነገር ነውና፤ በሳሎን ጥግ ወይም በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ስለሚቀመጥ የመስታወት ገንዳ፣ በውስጡም ስለሚዋለዱ የጣት ርዝመት ስለማይሞሉ ዓሦች። ይህን ትንሽ ነገር ሲጎረጉሩት የሚወጣው ጥያቄ ግን ትንሽ አይደለም። አቅም የሌለውን ፍጡር በእጁ ያስገባ ሰው ለዚያ ፍጡር ዕጣ የሚጠየቀው እስከ ምን ድረስ ነው?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመሠረቱ ልጀምር። በቤት ገንዳ ውስጥ ከሚረቡት ዓሦች በሰፊው የሚታወቀው ጋፒ ነው። የትውልድ አገሩ ትሪኒዳድ፣ ቬኔዙዌላና በአካባቢያቸው የሚገኘው የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። ጀርመናዊው የእንስሳት ሊቅ ዊልሄልም ፔተርስ እ.ኤ.አ. በ1859 በሳይንሳዊ ስም መዘገበው፤ ዛሬ ዓለም የሚጠራበት ስም የመጣው ግን በ1860ዎቹ ናሙናውን ከትሪኒዳድ ወደ ለንደን ከላከው ከሌችሜር ጋፒ ነው። ጋፒ እንቁላል አይጥልም፤ ልጆቹን በሆዱ ተሸክሞ ይወልዳል። ሴቲቱ ማርገዟን ማወቅ ለሚያስተውል ሰው አያስቸግርም። ሆዷ ከቀን ወደ ቀን ይሞላል፤ ከሆዷ በስተኋላ፣ ከታችኛው ክንፏ አጠገብ ያለው ጠቆር ያለ ነጥብ ይሰፋል፣ ይጠቁራልም። መውለጃዋ ሲደርስ ሆዷ ከጎን ሲታይ ማዕዘን ያወጣ ይመስላል፤ ከጓደኞቿ ተለይታም ወደ ገንዳው ጥግ ወይም ወደ ተክሉ ሥር ትጠጋለች። ይህ ሁሉ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚያ ላይ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ለወራት ማቆየት ስለምትችል፣ ብቻዋን ተገዝታ የመጣች ሴት ወንድ ሳይደርስባት ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። እንቁላል በሚጥሉት ዘንድ ምልክቱ ሌላ ነው። ኤንጀልፊሽ የሚባሉት ጥንድ ሆነው ከመንጋው ይለያሉ፣ የቀረባቸውን ያባርራሉ፣ አንድ ሰፊ ቅጠል ወይም ድንጋይ መርጠው በአፋቸው ያጸዳሉ። ይህን ያየ ሰው እንቁላሉ መቅረቡን ያውቃል።

ጋፒ በአንድ ወሊድ ከሃያ እስከ ስልሳ የሚደርሱ ልጆች ልታፈራ ትችላለች፤ ከመቶ በላይ የምትወልድም አለች። ልጆቹ ገና ሲወለዱ መዋኘትና መሸሸግ ያውቃሉ። ባያውቁ ኖሮ አይተርፉም ነበር፤ እናታቸው ዞራ ያገኘችውን ትውጣለችና። ይህ ደግሞ የዓሣ ሁሉ ጠባይ አይደለም። በሐዋሳ ወይም በጣና ዳር ያደገ አንባቢ በሚገባ የሚያውቀው ቆሮሶ፣ እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን መልሳ በአፏ ትሸሽጋለች። ተፈጥሮ ለአንዷ አፍን መጠለያ፣ ለሌላዋ መቃብር አድርጋዋለች። ስለዚህ «ተፈጥሮ ነው» ብሎ ነገርን መዝጋት የሚመች አይመስለኝም፤ የትኛዋ ተፈጥሮ? ተብሎ ይጠየቃልና።

በምሠራበት ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል እንዲህ ያለ ገንዳ አለ። አንድ ቀን አዲስ የተወለዱትን ዓሦች በመረብ ወደ ተለየ ክፍል ሳሻግር፣ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ አንዲት ጠና ያሉ ያገሬ ሴት ጥቂት ተመለከቱኝና «ምን ያስጨንቅዎታል ዶክተር? ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አሉኝ። እኚህ ሴት ሰባት ወልደው አራት ያሳደጉ ናቸው። ስለዚህ ቃሉን እንደ ቀልድ አላለፍኩትም። ሦስት ልጅ ለቀበረች እናት «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ማለት ቸልተኝነት አይደለም፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም የሚል መጽናኛ ነው። ነገር ግን ያው ቃል ማድረግ በሚችልና ባላደረገ ሰው አፍ ሲነገር መጽናኛነቱ ይቀርና ማምለጫ ይሆናል። ልዩነቱ ከቃሉ ሳይሆን ከተናጋሪው አቅም ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ የወንዙን ዕድል እንመልከት። ዴቪድ ሬዝኒክና ጆን ኤንድለር በትሪኒዳድ ጅረቶች ለብዙ ዓመታት ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ አዳኝ ዓሣ በበዛበት በፏፏቴዎቹ ግርጌ የሚኖሩ ጋፒዎች ብዙና ጥቃቅን ልጆች ይወልዳሉ፤ አዳኝ በማይደርስበት ከፏፏቴው በላይ ያሉት ደግሞ ጥቂትና ገዘፍ ያሉ። ተመራማሪዎቹ ከግርጌ ያሉትን ወስደው ጋፒ ወዳልነበረበትና አደጋው ወደሚያንስበት ውሃ አዛወሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ ከ11 ዓመት በኋላ የእነዚያ ዝርያዎች ጥቂትና ትልልቅ ልጆች ወደ መውለድ ተለውጠው ተገኙ። የልጆቹ ብዛት ከሚጠብቃቸው ሞት ጋር ተመዛዝኖ የተሰፈረ ነው ማለት ነው። በወንዝ ውስጥ ሂሳቡን የሚይዝ ሰው የለም፤ የሚወቀስም የለም።

በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የውሃውን ስፋት የወሰነ ሰው አለ። ምን ያህል ተክል፣ ምን ያህል መሸሸጊያ እንደሚኖር የመረጠ ሰው አለ። ወንድና ሴቱን በአንድነት ያስገባ፣ እናቲቱን ያጠገበ ወይም ያስራበ ሰው አለ። በወንዝ ውስጥ ጫጩቷ ከእናቷ አፍ ብትሸሽ ሌላ ውሃ ታገኛለች፤ እዚህ ግን መስታወቱ ይመልሳታል። መስታወቱን ያቆመ ሰው ቆሞ እየተመለከተ «ዕድሏ ነው» ቢል ዕድል ብሎ የጠራው የገዛ ራሱን ውሳኔ ነው።

እንግዲያው ሁሉንም እናድን? የርኅሩኅ ሰው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፤ ልጆችም ወዲያውኑ የሚሉት ይህንኑ ነው። ማሳደጉ አድካሚ ቢሆንም ምስጢር የለውም። ጫጩቶቹ በመረብ ወይም በሌላ ገንዳ ይለያሉ፤ የሚጠለሉበት ለስላሳ ሣር ይደረግላቸዋል። የውሃ ማጣሪያው እንዳይስባቸው አፉ በስፖንጅ ይሸፈናል። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ የተፈጨ ምግብ ወይም በጨው ውሃ ውስጥ በአንድ ቀን ገደማ የሚፈለፈለው አርቴሚያ ይሰጣቸዋል። የተረፈ ምግብና ኩስ አሞኒያ ሆኖ ስለሚመርዛቸው ውሃው ሳይሰለቹ በከፊል ይለወጣል። አራት ሳምንት ሲሞላቸው ወንድና ሴቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ለመውለድ ይደርሳሉና። ከአርባ ጫጩቶች ሃያዎቹ ሴቶች ቢሆኑና እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ አርባ ቢወልዱ ስምንት መቶ ይሆናሉ። ሳሎኑ ግን አልሰፋም፤ ገንዳውም ያው ነው።

ያን ጊዜ ያው ርኅሩኅ ሰው ሦስት መንገድ ይቀርለታል። አንደኛው ለሰው ማደል ነው፤ ወዳጅ ዘመድ ግን ቶሎ ይሞላል። ሁለተኛው ወደ ወንዝ መልቀቅ ነው። ይህ ደግነት የሚመስል ጥፋት ነው፤ ጋፒ በሰው እጅ ከትውልድ አገሩ ውጭ ከ60 በሚበልጡ አገሮች ተሰራጭቷል፣ አንዲት ያረገዘች ሴት ብቻዋን አዲስ መንጋ ልትመሠርት ትችላለች፣ የነባሩ ዓሣ መኖሪያም ይጠብባል። ሦስተኛው መምረጥ ነው፤ ጅራቱ ያማረውን ማስቀረት፣ ጀርባው የጎበጠውን ማስወገድ። ሞትን ከገንዳው ያስወጣ ሰው በስድስተኛው ወር ራሱ የሞትን ሥራ ተረክቦ ይገኛል። እሱ እምቢ ካለም የተመረዘው ውሃ ይሠራለታል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። በአገራችን የሰው ልጅ እየተራበ ስለ ዓሣ ጫጩት መጨነቅ የጥጋብ ጨዋታ አይደለም ወይ? ዓሣን ከሕፃን ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ሐሳቤ አይደለም። ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም የሚለው ክርክር እንኳ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 በትራውት ላይ ያደረጉትን ጥናት ካሳተሙ በኋላ ቢጋጋልም ገና አልተዘጋም። እኔን የሚያሳስበኝ «ዕድል» የሚለው ቃል ከገንዳው ውጭ የሚሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆኗል። በእነዚያ ዓመታት የሕፃናቱ ኮከብ አልተለወጠም። ክትባት ደረሰ፤ አጎበር ተሰቀለ፤ ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ዞሩ። በመቶ የሚቆጠሩ ሺሕ ልጆችን ስንቀብር ዕድል ያልነው፣ ቢያንስ በከፊል፣ ማንም ያልተረከበው ኃላፊነት ነበር። ያን ቃል ለእናቶቹ መተው ይገባል፤ አቅም ለነበራቸው ግን አይገባም።

ስለዚህ ለገንዳው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ሁሉንም አድኑ የሚል አይደለም፤ ዝም ብላችሁ እዩ የሚልም አይደለም። ኃላፊነቱ የሚጀምረው ጫጩቶቹ ሲወለዱ ሳይሆን ምልክቱ ሲታወቅ ነው፤ ከዚያም በፊት፣ ወንድና ሴቱ በአንድ ውሃ ሲገቡ ነው። በሕክምናም ዘግይቶ የሚመጣ ርኅራኄ ውድ ነው፤ ብዙ ያስከፍላል፣ ጥቂት ያድናል። ማሳደግ የማይፈልግ ሰው ወንዶቹን ብቻ ይያዝ። ጥቂት ማሳደግ የሚፈልግ ምን ያህል እንደሚበቃው አስቀድሞ ይወስን፤ ያን ያህሉን በሚገባ ያሳድግ። ቀሪውን ለእናቲቱ የሚተውም ይህን የወሰነው እሱ መሆኑን ይወቅ፤ ልጁም ሲጠይቀው «እኔ ነኝ የወሰንኩት፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ ይንገረው። ልጁ ላይስማማ ይችላል። ቢያንስ ግን በቤቱ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ባለቤት እንዳለው እያወቀ ያድጋል።