ጡረታ ለሚወጡ የነርስ መምህራን እና ለሚሸኟቸው

የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ 60 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ በቃህ ዕረፍ ይለዋል። ተገቢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሲያድር፣ ቀን ተማሪ አስከትሎ ከአልጋ አልጋ ሲዞር የኖረ ሰው ዕረፍት ይገባዋል። እኔን የሚቆረቁረኝ አሸኛኘታችን ነው። ጋቢ እናለብሳለን፣ ኬክ እናስቆርሳለን፣ የምስክር ወረቀት አስይዘን ፎቶ እንነሣለን። በማግስቱ ያ ሰው የሚያውቀውን የሚያውቅ ዋርዱ ውስጥ አይገኝም።

አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን የሳንባ ምች እንዳለበት ለመለየት ትንፋሹ ይቆጠራል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ቁጥሩን ተማሪው ሁሉ ሸምድዶታል። ወረፋው ሲያጣድፈው ግን 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ያባዛል። ዓመት ያልሞላውን ልጅ ትንፋሽ በሩብ ደቂቃ 12 ከቆጠረ 48 ብሎ ይጽፋል፤ ሙሉውን ደቂቃ ቢታገሥ 50 ሊሆን ይችል ነበር። ልጁም መድኃኒቱን ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልምድ ያላት ሲስተር አጠገቡ ካለች ይህ አይሆንም። «ልቅሶው ይብረድለት፤ ደረቱን ግለጥ፤ አሁን ቁጠር» ብላ ሰዓቷን ይዛ ደቂቃው እስኪሞላ አብራው ትቆማለች። መመሪያው መጽሐፉ ውስጥ አለ። ትዕግሥቱን ግን ተማሪው የሚወርሰው አብራው ከምትቆመው ሰው ነው።

ስለዚህ ጡረታችሁ የተቃረበ እናቶችና አባቶች፣ የቀራችሁን ጊዜ ፋይል በማስተካከል ብቻ አትጨርሱት። ትጉ የሆኑ አንድ ሁለት ወጣቶችን ከጎናችሁ አቁሙ። መጀመሪያ ስትሠሩ ይዩ፤ ቀጥሎ ሲሠሩ እዩአቸው። እጃችሁን ሰብስባችሁ መመልከት ለለመደ እጅ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ቻሉት። ከወጣችሁ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ በር ማንኳኳቱ አይቀርም። ግፊት ለክታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት እንጂ ቤታችሁን ክሊኒክ አታድርጉት። እናንተም ማረፍ አለባችሁ።

ወጣቶች ሆይ፣ አዲሱን መመሪያ ከእነሱ ይልቅ እናንተ ታውቁት ይሆናል። እሱ ብቻውን አይበቃም። እነሱ ከመሄዳቸው በፊት ጠይቁ፤ ሲቆጧችሁም አትቀየሙ። ቁጣቸው ለበሽተኛው ነው።

የኮሌጅና የሆስፒታል ኃላፊዎችም ከኬኩ ባሻገር አስቡ። በሳምንት አንድ ቀን መጥተው ተማሪ ለማሠልጠን ፈቃደኛ የሆኑ ጡረተኞች በየከተማው አሉ። ውል ግቡላቸው፤ የድካማቸውንና የትራንስፖርታቸውን በወቅቱ ክፈሉ። በነፃ ያገልግሉን ብላችሁ አትለምኗቸው፤ የጡረታ ደመወዝ ለወር አስቤዛ እንኳ እንደማይበቃ ታውቃላችሁ።