ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥስ?

መጋቢት በቤተ ክርስቲያን የወቅት አቆጣጠር የበጋው ጭራና የጸደዩ ራስ ነው፤ እስከ 25 ያለው ለበጋ፣ ከ26 ወዲህ ያለው ለጸደይ ይቆጠራል። ለደላንታ፣ ለግዳን ወይም ለለጋምቦ ደጋ ገበሬ ግን ወሩ የሚታወቀው በደመናው ነው። በእነዚህ ከፍታዎች ክረምቱ ውርጭ ያመጣል፣ ማሳውንም ውኃ ያስተኛበታል፤ ስለዚህ የዓመቱ ቀለብ በአብዛኛው የሚወጣው በበልግ ከሚዘራው ገብስ ነው። ከደጋው ወረድ ሲባል የማሽላና የበቆሎው ገበሬ አለ። ለመድረስ ረጅም ወራት የሚፈልገው ማሽላ በመጋቢትና በሚያዝያ ካልተዘራ፣ ክረምቱ የቱንም ያህል ቢያምር ጊዜው ያልፍበታል፤ ገበሬው ወደ ጤፍ ወይም ወደ ሽምብራ ይዞራል፣ የጎተራውም ልክ በዚያው ያንሳል። በቦረናና በሶማሌ ቆላ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው የዓመቱ ዋና ዝናብ ነው። በአገር ደረጃ ሲደመር የበልግ ሰብል ከጠቅላላው የእህል ምርት ትንሽ ድርሻ ብቻ ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ የሚባለው ይህ ድርሻ ግን ደላንታ ላይ የቤተሰብ ሙሉ ቀለብ ነው።

ይህ ዝናብ ሲቀር ሕዝቡ ወደ ፈጣሪው ይጮኻል። ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ለሶላተል ኢስቲስቃ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ወሎን በመሰለ አገር ሁለቱ ጎረቤታሞች አንዱን ደመና ይለምናሉ። በዚህ ጸሎት ላይ አንዳች ነቀፋ የለኝም። የምከራከረው ከጸሎቱ ጋር ተያይዞ ከሚመጣው አንድ ፍርድ ጋር ነው፤ «ዝናቡ የቀረው ኃጢአታችሁ ስለ በዛ ነው» ከሚለው። አባባሉ ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን ማስረጃ የሌለው ብቻ ሳይሆን ሃይማኖቱ ራሱ የሚቃወመው፣ ጥቅሙም ለገበሬው ሳይሆን ለሌላ ሰው የሆነ ፍርድ ነው እላለሁ።

ማስረጃውን ከአየሩ እንጀምር። የበልግ እርጥበት የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከአረቢያ ባሕር ነው። በባሕሩ ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነፋሱን ወደ እኛ ሲገፋና ከሜዲትራኒያን በኩል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ደመናው ይጸናል፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ከቀሩ ሰማዩ ጠቁሮ ብቻ ይውላል። ከማዳጋስካር ወዲህና ወዲያ አውሎ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ወደ እኛ ይመጣ የነበረውን እርጥበት ወደ ራሱ ይጎትታል። የሩቁ ሰላማዊ ውቅያኖስም እጁ አለበት፤ ኤልኒኞ ክረምታችንን እየጎዳ በልጋችንን ብዙ ጊዜ ሲያግዝ፣ ላኒና የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ቆላዎችን ዝናብ ያሳጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በአካባቢው አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በአገሪቱ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። በእነዚያው ዓመታት የምዕራቡ ደጋ ክረምት በአብዛኛው ደህና ነበር። ታዲያ የቦረና አርብቶ አደር ከጎጃም ገበሬ የባሰ ኃጢአተኛ ነበር የሚል ሰው ይኖራል? ነገሩ እንዲህ በቦታ ስም ሲጠራ ለመናገር ያሳፍራል። በጥቅሉ ሲነገር ግን አሜን ይባልለታል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከመጽሐፍ ይመጣል፤ ክብደቱንም ማቃለል አይገባም። ኦሪት ዘዳግም የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ ከመታዘዝ ጋር አያይዞ ተስፋ ይሰጣል፣ አለመታዘዝንም በተዘጋ ሰማይ ያስፈራራል። ኤልያስ ሰማይን የዘጋው በአክዓብ በደል ነው። ቁርኣንም በሱረቱ ኑሕ ምሕረት መለመንንና ዝናብን አንድ ላይ ያነሣል። ይሁን እንጂ የኤልያስን ታሪክ እስከ መጨረሻው እንከተለው። በዚያ ድርቅ የተራበችው የሰራፕታዋ መበለት የአክዓብ ዜጋ እንኳ አልነበረችም። ልጇ በሞተ ጊዜ፣ ነቢዩ ኃጢአቷን ሊያሳስብባት መጥቶ እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ ዛሬ ዐውደ ምሕረት ላይ የሚሰማው ፍርድ ያኔ በእርሷ አፍ ነበር። ነቢዩ «አዎን» አላላትም። ልጁን ተቀብሎ ወደ ሰገነቱ ወጣና ራሱ ወደ አምላኩ ጮኸ። የኢዮብ ወዳጆችም ስለ ተጎጂው ኃጢአት ብዙ ተናግረው በመጨረሻ የተገሠጹት እነርሱ ናቸው። በሰሊሆም ግንብ ስለ ተጫናቸው ሰዎች ክርስቶስ የሰጠው መልስ፣ አብም በጻድቁና በኃጢአተኛው ላይ እንደሚያዘንብ ያስተማረው፣ ከዚሁ መስመር ነው። በሱረቱ ሉቅማን ደግሞ የዝናብ ነገር አላህ ዘንድ ካለው ዕውቀት ተቆጥሯል፤ «የዚህ መንደር ዝናብ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ሰው እንግዲህ ያልተሰጠውን ዕውቀት ይዣለሁ ማለቱ ነው። ንስሐ ከዝናብ ጋር መያያዙን አልክድም። ንስሐ ግን ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። «በድለናል» ብሎ የሚሰግድ ይጸልያል፤ «በድላችኋል» ብሎ የሚቆም ይፈርዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዲያ ማዶ ይመጣል፤ ሁሉም የነፋስና የባሕር ሥራ ከሆነ ምህላው ምን ይጠቅማል የሚል። ይህ ጥያቄ ትንበያን ከሚገባው በላይ ያከብራል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በልግ ከመግባቱ በፊት የሚያወጣው ትንበያ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ ለሦስቱም የመከሰት ዕድላቸውን በመቶኛ የሚሰጥ እንጂ፣ ለአንድ ማሳ የዝናቡን ቀን ቆርጦ የሚናገር አይደለም። ባለሙያውም ሆነ ጸሎተኛው ነገ በእጁ እንደሌለ ያውቃል። የሚጠየቁትም አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ በኋላ ምን አደረጋችሁ ተብለው። በኦሪት ዘፍጥረት የዮሴፍን ታሪክ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሊያመልጠው አይገባም። ስለ ግብፅ ሰባት የረሃብ ዓመታት መጽሐፉ አንድም የኃጢአት ምክንያት አይሰጥም። ማስጠንቀቂያው ከእግዚአብሔር መጣ፤ መልሱ ግን ከጥጋቡ ዓመታት ምርት አምስተኛውን እጅ ሰብስቦ በየከተማው ማከማቸት ነበር። ዮሴፍ ለፈርዖን የመከረው ጎተራ እንዲሠራ ነው፤ የግብፅን ገበሬ ኃጢአት አልመረመረም።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ፍሬ ያለው። «ለምን አልዘነበም» እና «ለምን ሰው በረሃብ ሞተ» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ የኃጢአቱ ፍርድ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ ሰማይንና ንጉሥን ጎን ለጎን ማቆማቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ንጉሥ የማይከሰሰው ሰማይን ተገን ሲያደርግ ነውና። በ1965 ዓ.ም. የወሎ በልግ ከሸፈ፤ ገበሬው ከብቱንና ዕቃውን ሸጦ በየመንገዱ ወደቀ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት እጅግ አላሽቆለቆለም፣ የደሴ ገበያ ዋጋም ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ከተማ የሚጫን እህል ነበር። የጠፋው የተራበው ሰው የመግዛት አቅም ነው። ከ1950 እስከ 1969 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ያጠኑት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ሰማይ አልነበረም፤ ገበሬውን ያለ ጥሪት ወዳስቀረው ሥርዓት ነበር። መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። በመጨረሻ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ በቴሌቪዥን ታየ፤ ንጉሥ ተከሰሰ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ከሳሹም ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው ሰማይ ሥር ተደበቀ። የ1976 በልግ ከሽፎ ሰው በየካምፑ ሲረግፍ ደርግ መስከረም 1977 ላይ አሥረኛ ዓመቱን በድምቀት ያከብር ነበር። በሰሜኑ የነበረው ጦርነትም እርዳታው የሚሄድበትን መንገድ ቆርጦ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በልጉም ክረምቱም ከሸፈ፤ በታኅሣሥ 2008 የእርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ችግሩ ከባድ ነበር፤ የ1977ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም። ሕዝቡ በመካከሉ ጻድቅ ስለሆነ አይደለም፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት ነበረ፣ መንገዱ ተከፍቶ ነበር፣ ማስጠንቀቂያው በጊዜ ተሰምቶ ነበር። በተቃራኒው የወላይታና የከምባታን አረንጓዴ ረሃብ እናስታውስ። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ከመጣ በኋላ ማሳው ለምልሞ ሳለ ልጆች በረሃብ ከሱ፤ የደረሰ እህል አልነበረምና። ሰማዩ ምሕረት አድርጓል፤ ረሃቡ ግን አልሄደም። ዝናብን የፍርድ ቃል አድርጎ ለሚያነብ ሰው ይህን ማስረዳት ይቸግረዋል።

አንድ ሦስተኛ ተቃውሞ ይቀራል፤ ዘመን አመጣሽ ነው። የአየር ንብረቱን የለወጠው የሰው ልጅ ከሆነ ድርቁ በኃጢአት መጣ ማለት ልክ አይሆንም ወይ? ከፊሉ ልክ ነው፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ቀንሶ ታይቷል፤ የወደፊቱን የሚያሰሉ ሞዴሎች ግን በብዛት ዝናቡ እንደሚጨምር ነው የሚናገሩት፣ ሊቃውንቱም ይህን ተቃርኖ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የሙቀቱ መጨመር ግን አያከራክርም፤ ሙቀቱም እርጥበቱን ከአፈሩ ቶሎ ያጠፋዋል። በዚህ ነገር በደለኛ ካለ የለጋምቦ ገበሬ አይደለም። አፍሪካ በሙሉ ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ4 በመቶ ያልበለጠ ነው የምታወጣው። የበደል ቋንቋ ከተነሣ አድራሻው በትክክል ይጻፍ።

ስለዚህ ዐውደ ምሕረትና ሚንበር ላይ ለሚቆሙ አባቶችና ኡስታዞች አንድ ልመና አለኝ። መጋቢት ደርቆ ምህላ ስታውጁ ምህላውን አታስቀሩ፤ ሕዝቡም ይስገድ፣ ይጾም። የገበሬውን ኃጢአት ከመቁጠር በፊት ግን በወረዳው መጋዘን ስንት ኩንታል እህል እንዳለ፣ የሴፍቲኔቱ ክፍያ ስንት ወር እንደ ዘገየ፣ የዘር እህል ለማን እንደ ደረሰና ለማን እንዳልደረሰ እዚያው ሕዝብ ፊት ጠይቁ። የወረዳው አስተዳዳሪም በጸሎቱ ላይ ከፊት ተቀምጦ ከሆነ፣ መልሱን ከእርሱ ጠብቁ።