ስለ ትንሹ ባቡር ድምፅና ስለ እውነት

አምሳል ሁሉ ሐሰት ነውን? ይህ ጥያቄ ለሥዕል ሠሪና ለድንጋይ ጠራቢ ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ በኤውሮፓ በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግተው ተራራውን፥ ድልድዩንና ጣቢያውን በልክ አሳንሰው ለሚሠሩ ሰዎችም ይቀርባል። ነገሩ የልጆች መጫወቻ ቢመስልም በውስጡ የሕሊና ጥያቄ አለበትና አንባቢ ጥቂት ይታገሠን። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሥራው አዲስ አይደለም። በጀርመን አገር፥ በጌፒንገን ከተማ ያለው የሜርክሊን ፋብሪካ በ1891 በላይፕሲግ ገበያ ልኩ የተወሰነ ሐዲድ ያለውን ትንሽ ባቡር አቅርቦ ነበር። ዛሬ ብዙዎች የሚሠሩበት ልክ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ 20 ሜትር የሆነው ባቡር 23 ሳንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው።

ዐይን በዚህ ይረካል፤ ጆሮ ግን አይረካም። ትንሹ ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነውና እሳት አያነድም፥ ውኃም አያፈላም። ስለዚህ ሠሪዎቹ የእውነተኛውን ባቡር ፉጨት፥ የእንፋሎቱን ትንፋሽና የፍሬኑን ጩኸት አንድ በአንድ ቀድተው፥ በጥቃቅን መሣሪያና በድምፅ ማጉያ በትንሹ ባቡር ሆድ ውስጥ ያኖሩታል። ሁለት ሲሊንደር ያለው የእንፋሎት ባቡር መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ትንሹም እንደዚሁ ካልተነፈሰ አዋቂ ሰው ጉድለቱን ወዲያው ይለየዋል።

የሚነቅፍ ሰው ግን፥ «እሳት ሳይኖር የእሳት ድምፅ፥ ድካም ሳይኖር የድካም ትንፋሽ ማሰማት ሐሰት አይደለምን?» ይላል። ነቀፋው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሐሰት ገንዘብ የሚያትም ሰውና የወዳጁን መልክ የሚሥል ሰው ሁለቱም መልክ ይቀዳሉ፤ የመጀመሪያው ቅጂው በእውነተኛው ፈንታ እንዲገባ ይፈልጋል፥ ሁለተኛው ግን የሚያየው ሁሉ ወዳጁን እንዲያስብለት ይፈልጋል። አባቶቻችንም የሥዕል ክብር ወደ ባለቤቱ እንደሚያልፍ አስተምረውናል። መጫወቻን ከቅዱስ ሥዕል ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ አምሳል የሚመዘነው ልብን ወዴት ይመራል ተብሎ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ከዚህ የሚጠብቅ ጥያቄ አለ። በእንግሊዝ አገር በ1948ና በ1949 ኤ1 የተባሉ 49 ባቡሮች ተሠርተው ነበር፤ እስከ 1966 ድረስ ግን አንድ ሳይቀር ተሰባብረው አለቁ። የባቡር ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው ቶርኔዶ የተባለውን ሌላ ባቡር በዚያው አምሳል ሠሩ፤ እርሱም በ2008 በራሱ እንፋሎት ተንቀሳቀሰ። በመካከል በነበሩት 42 ዓመታት የዚህን ባቡር ድምፅ ከሕያው መኪና መቅዳት አይቻልም ነበር። ኤ1 ሦስት ሲሊንደር ስላለው በአንድ ዙር ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። እንግዲህ ሠሪው በአምሳሉ ውስጥ ባለ ሁለት ሲሊንደሩን ባቡር ድምፅ ቢያገባና፥ «ትክክለኛው ይህ ነው» ቢል፥ በሞተው ላይ ሐሰት መሰከረበት፤ እርሱ ተነሥቶ ሊከራከር አይችልምና። «የራሱ ድምፅ ጠፍቷል፥ የሌላ ተውሼለታለሁ» ቢል ግን እውነትን ጠበቀ። የታሪክ ጸሐፊም፥ የገድል ጸሐፊም፥ በመቃብር ላይ የሟችን ምስጋና የሚናገርም ሁሉ በዚህ ሕግ ሥር ነው።

የሚያሳስበን ሌላም ነገር አለ። በጠረጴዛው ላይ በምትሠራው ከተማ ለማኝ አይራብም፥ ሕመምተኛም አይጮህም፤ ሁሉ በሠሪው ጣት ይታዘዛል። ሰው እንዲህ ያለውን ዓለም ሲለምድ በደጁ የቆመውን እውነተኛ ችግረኛ እንደ ረባሽ ይቈጥረዋል። የእንፋሎቱ ትንፋሽ በእውነተኛው ባቡር ላይ ድንጋይ ከሰል በአካፋ እየዛቀ ወደ እሳት የሚጨምር የአንድ ሰው ላብ ነበረበት። ድምፁን ወስዶ ላቡን የሚረሳ ሰው ግማሹን ብቻ ቀዳ።

መልካም አድርጎ የሰማ አንድ ሕፃን ነበር። የቄስ ልጅ የነበረው ዊልበርት ኦድሪ በእንግሊዝ አገር በቦክስ መንደር በሐዲድ አጠገብ አደገ። በዚያ ዳገት ዕቃ የጫነው ባቡር ሲከብደው ሌላ ባቡር ከኋላ ይገፋለት ነበር፤ ሕፃኑም ሌሊት ተኝቶ ትንፋሻቸውን ሲሰማ አንዱ የሚማጠን፥ ሁለተኛው የሚያበረታታ መሰለው። ካደገ በኋላ እርሱም ቄስ ሆነ፤ ከ1945 ጀምሮም ስለሚነጋገሩ ባቡሮች ለልጆች መጻሕፍት ጻፈ፥ ትንንሽ ባቡሮችንም ሠራ። እርሱ በብረት ድምፅ ውስጥ የሰማው የመረዳዳትን ነገር ነው።

በእኛም አገር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡር እንዲህ ያለ ድምፅ ነበረው፤ ዛሬ በ2016 በተከፈተው መንገድ የሚሄደው ግን የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። የጥንቱን ፉጨት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እያነሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከእኛ መካከል አንድ ብላቴና ያንን ባቡር አሳንሶ ሊሠራ ቢነሣ መጫወቻ ነው ብለን አንናቀው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ ይጠይቅ፥ እሳት ያነደዱትንም ሰዎች ያስብ። አምሳል ሐሰት የሚሆነው የተመሰለለትን ሲያስረሳ ነው፤ ዕዳውን ሲያስታውስ ግን እርሱም ምስክር ነው።